መንገድ ለዘጋ ሁሉ ሐውልት አይቆምም

ጥያቄ

ለተከበሩ የዚህ ዓምድ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምኖረው አዳማ ነው፤ ሥራዬ ሹፍርና። አይሱዙ የጭነት መኪና እነዳለሁ፤ ከቆቃና ከመቂ ቲማቲምና ሽንኩርት ጭኜ አዲስ አበባ አራግፋለሁ። መጽሔቱን ወደ ቤት የምታመጣው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ ናት፤ ዛሬ የምጽፍልዎም በእርሷ ምክንያት ነው።

ልጄ በትምህርት ቤቷ የክርክር ክበብ አባል ናት። በዚህ ወር የተሰጣቸው ርእስ «ሕዝብን የሚያስቸግር ተቃውሞ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም?» የሚል ሲሆን፣ እርሷ «ተገቢ ነው» ከሚለው ወገን ተመድባለች። ማታ እራት ላይ ንግግሯን ስትለማመድ እሰማታለሁ። ለንደን ውስጥ ሁለት ወጣት ሴቶች በታዋቂ ሥዕል ላይ የቲማቲም ሾርባ ደፉ ብላ ትጀምርና፣ «በዘመናቸው የተረገሙ ሁሉ ዛሬ ሐውልት ቆሞላቸዋል፤ ታሪክ ይፈርዳል!» ብላ ትጨርሳለች። እናቷ ታጨበጭባለች። እኔ ግን ጉርሻው ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ቲማቲም ጭኜ ስሄድ ሞጆ ሳልደርስ መንገድ ተዘጋ። ድንጋይ ተደርድሯል፤ ጎማ ይጨሳል። ከፊቴም ከኋላዬም መኪና ስለሆነ መመለስ አይቻልም። ጠዋት የተዘጋው እስከ ማግስቱ ረፋድ አልተከፈተም። ቲማቲም ደግሞ ቀን አይሰጥም። ቀትር ላይ ከታች ያሉት ሳጥኖች መንጠባጠብ ጀመሩ። ቀይ ውኃ በስፖንዳው ሥር እየወረደ ጎማው ላይ ይፈሳል፤ ዝንቡም ለጉድ ነው። ረዳቴ «ከሚበላሽ ይብሉት» ብሎ የላይ የላዩን ለቆሙት መንገደኞች አደለው። ነጋዴው ግን ገንዘቡን ከእኔ ፈለገ፤ ከፈልኩት። የሚገርመኝ ሌላ ነው፦ የእነዚያ ልጆች ጥያቄ ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። የነገረኝም የለም።

ይህን ለልጄ ብነግራት «አባዬ፣ ያንተ ቲማቲም ከታሪክ አይበልጥም» አለችኝ። ተቆጣሁ፤ መልስ ግን አላገኘሁላትም። እንግዲህ እርስዎን ልጠይቅ፦ እውነት ታሪክ መንገድ ለሚዘጋ ሰው ይፈርዳል? ታሪክ ዳኛ ነው ከተባለስ የእኔን ቲማቲም ጉዳይ የሚያየው የትኛው ችሎት ነው?

ሹፌሩ፣ ከአዳማ

(ከደብዳቤው ግርጌ በሌላ እጅ የተጻፈ) እትዬ፣ አባቴ ደብዳቤውን ፖስታ ቤት እንዳስገባለት ሲሰጠኝ አነበብኩት። አንድ ነገር ሳይነግርዎ ቀርቷል። ናፍጣ በተወደደ ጊዜ እርሱና ጓደኞቹ «አንጭንም» ብለው መኪኖቻቸውን ለቀናት አቁመው ነበር። ያ ተቃውሞ አይደለም? ደግሞም በንግግሬ ሲልቪያ ፓንክረስትንና ዋለልኝ መኮንንን ልጠቅስ አስቤያለሁ። ይሆኑኛል?

መልስ

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ለቲማቲሙ አዝናለሁ። የሰው ዕዳ መክፈል፣ ያውም ለምን እንደሆነ ሳያውቁ፣ ያንገበግባል። ወደዚህ እመለሳለሁ፤ ከደብዳቤዎ ሁሉ ክብደት ያለው ዐረፍተ ነገር እዚያ ውስጥ ነውና። ልጅዎን ላስቀድም፤ ባዶ እጇን አይደለም የምትከራከረው።

እ.ኤ.አ. በ1961 አሜሪካ ውስጥ ጥቁሮችና ነጮች አንድ ላይ ሆነው በረጅም ርቀት አውቶቡሶች ወደ ደቡብ ክልሎች ተጓዙ። በመናኸሪያዎቹ ውስጥ ጥቁርና ነጭ በየፊናው የሚቀመጥበትን ልማድ ለመጣስ ነበር ጉዟቸው። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይህን መለያየት ሕገ ወጥ ብሎት ነበር፤ መናኸሪያዎቹ ግን አልሰሙም። አኒስተን በምትባል የአላባማ ከተማ አንዱ አውቶቡስ በእሳት ጋየ። በዚያው ዓመት የጋሉፕ ድርጅት የአሜሪካን ሕዝብ አስተያየት ሲጠይቅ፣ ከመቶው 61 የሚሆነው የተጓዦቹን ሥራ ነቀፈ። 57 በመቶው ደግሞ እንዲህ ያለው ድርጊት የጥቁሮችን ጉዳይ ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም አለ። ማርቲን ሉተር ኪንግንም ቢሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ከመቶው 63 የሚሆነው በጥሩ ዐይን አያየውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ያው ድርጅት ሲጠይቅ በጥሩ ዐይን የሚያየው 94 በመቶ ደርሷል።

እነዚያ 61 በመቶዎች ሁሉ ክፉዎች ነበሩ ብዬ አላምንም። ግብራቸውን የሚከፍሉ፣ በሰዓታቸው ሥራ የሚገቡ፣ «ነገሩስ እውነት ነው፤ አካሄዱ ግን አላማረንም» የሚሉ ሰዎች ይበዙባቸዋል። ኪንግ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1963 በርሚንግሃም እስር ቤት ሆኖ ያን የታወቀ ደብዳቤውን የጻፈው ለስምንት የሃይማኖት አባቶች ነው። እነርሱም የጠየቁት ሰልፉ ቀርቶ ጉዳዩ በፍርድ ቤትና በድርድር እንዲያልቅ ነበር። እኔም በዚያ ዘመን ከእነርሱ ወገን ተወልጄ ቢሆን ኖሮ ከ61ዱ አንዷ አልሆንም ነበር ብዬ አልምልም። እርስዎስ?

እንግዲህ እስከዚህ ድረስ ልጅዎ አሸንፋለች። አሁን ግን ወደ እርሷ ልዙር።

ልጄ፣ አንድ ፎቶግራፍ አለ። ቀኑ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 4 ቀን 1957፣ ቦታው አርካንሳስ ውስጥ ሊትል ሮክ የተባለች ከተማ ነው። ኤሊዛቤት ኤክፎርድ የምትባል የ15 ዓመት ጥቁር ተማሪ ጥቁር መነጽር አድርጋ፣ ደብተሯን አቅፋ ብቻዋን ትሄዳለች። እስከዚያ ቀን ድረስ ነጮች ብቻ ወደሚማሩበት ትምህርት ቤት ልትገባ ነው። ከኋላዋ ሕዝብ ይከተላታል። ከሕዝቡም መካከል በእርሷ ዕድሜ ያለች ነጭ ልጅ አፏን ከፍታ ትጮህባታለች። ያ ሕዝብ ተቃዋሚ ነበር። የፍርድ ቤት ውሳኔ አንቀበልም ብሎ መንገድ ላይ ወጥቷል። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር 101ኛውን የአየር ወለድ ክፍለ ጦር እስኪልክበት ድረስም አልተበተነም። ከራሱ ዘመን ሰዎች ብዙዎቹ አውግዘውታል። ዛሬ በአርካንሳስ ምክር ቤት ግቢ ሐውልት የቆመው ግን ለዘጠኙ ጥቁር ተማሪዎች ነው፤ በር ለዘጉባቸው አይደለም።

ስለዚህ «የተረገሙ ሁሉ ተከበሩ» የሚለውን ዐረፍተ ነገርሽን ሰርዢው። እውነቱ «ከተከበሩት ብዙዎቹ ተረግመው ነበር» የሚለው ነው። ልዩነቱ ትንሽ ሊመስልሽ ይችላል፤ ተቃራኒሽ ብልህ ከሆነ ግን በዚሁ ቀዳዳ ገብቶ ንግግርሽን ያፈርሰዋል። የተረገመ ሰው አንዳንዴ የሚረገመው ጥፋተኛ ስለሆነ ነው።

ወንድሜ «ችሎቱ የትኛው ነው?» ብለው ጠይቀዋል። አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ። ልጅዎ ልትጠቅሳት ያሰበቻት ሲልቪያ ፓንክረስት ለዚህ ጥሩ ምስክር ናት። አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ፊት ለፊት፣ አርበኞች ባረፉበት ግቢ መቃብሯ አለ። እኛ የምናውቃት ጣሊያን አገራችንን ሲወርር እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ ለኢትዮጵያ የሚሟገት ጋዜጣ በለንደን ስታዘጋጅ የኖረች ወዳጃችን መሆኗን ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 መጥታ አዲስ አበባ ተቀመጠች። በ1953 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት ስታርፍ በመንግሥት ደረጃ ተቀበረች፤ ንጉሠ ነገሥቱም በቀብሯ ላይ ተገኙ።

እንግሊዞች ግን ቀድመው የሚያውቋት በወንጀል መዝገብ ነው። እናቷ ኤመሊን ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1903 ባቋቋመችው የሴቶች የምርጫ መብት ማኅበር ውስጥ ሆና መስኮት ስትሰብር ተይዛለች፤ ደጋግማ ታስራለች። በእስር ቤት ምግብ አልበላም ስትል አፏን በብረት ፈልቅቀው በጎማ ቱቦ መግበዋታል። በ1913 ምሥራቅ ለንደን ውስጥ በድንጋይ ከሰበረቻቸው መስኮቶች አንዱ የአንድ ቀባሪ ሱቅ መስኮት ነበር። ያ ሰው ለሴቶች የምርጫ መብት መከልከል ምን አስተዋፅኦ እንደነበረው እኔ አላየሁም። ሬሳ ሣጥን ሸጦ አዳሪ ነው። ወንድሜ፣ ከቲማቲምዎ ጎን የሚቆም አንድ ሰው አገኘሁልዎ ማለት ነው።

የዚህ ሁሉ ፍርድ ምን ሆነ? በዚያው ዘመን ሚሊሰንት ፎሴት የምትባል ሴት ከ50,000 በላይ አባላት ያሉት ሌላ ማኅበር ትመራ ነበር። እርሷ አንድ መስታወት ሳይሰበር በፊርማ፣ በስብሰባና በአቤቱታ ነው የታገለችው። ለሴቶች ምርጫ እ.ኤ.አ. በ1918 ዕድሜያቸው ከሠላሳ በላይ ለሆነ፣ የንብረት መስፈርትም ለሚያሟሉ ተፈቀደ፤ ከወንዶች እኩል የሆኑት በ1928 ነው። መስታወቱ አፋጠነው ወይስ አዘገየው የሚለውን የታሪክ ጸሐፊዎች ዛሬም አልተስማሙበትም። ለመስታወት ሰባሪዋ ለኤመሊን ግን በ1930 ከምክር ቤቱ አጠገብ ሐውልት ቆመላት። ለሕግ አክባሪዋ ለፎሴት ሐውልት የቆመው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ሲልቪያ ደግሞ ከእናቷና ከእኅቷ ጋር ተጋጭታ ከማኅበሩ ተባረረች፤ የራሷ ሐውልትም እዚያ አካባቢ የላትም። ስሟ ከሌሎች ጋር ተደርድሮ በፎሴት ሐውልት ግርጌ ተጽፏል። በአንድ አገር በአርበኞች ግቢ፣ በሌላው በሐውልት ግርጌ! ዳኛ ማለት ይህ ከሆነ እኔ ይግባኝ እጠይቃለሁ።

ይህን ያህል ስለ ሩቅ አገር ካወራሁ አይቀር፣ ወደ እርስዎ ሙያ ልምጣ። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ሳቢያ ነዳጅ ተወድዶ፣ የቤንዚን ዋጋ በአንድ ጊዜ ግማሽ ያህል ጨምሮባቸው ነበር። በዚያው ሰሞን መምህራንም ሥራ አቆሙ። የእነርሱ ጥያቄ ደመወዛቸውና «ሴክተር ሪቪው» ይባል የነበረው የትምህርት ጥናት ነበር። ወጣቶች የአንበሳ አውቶቡሶችን በድንጋይ ደበደቡ፤ ከተማው በእግር ሄደ። በሳምንት ጊዜ ውስጥ መንግሥት የቤንዚን ዋጋ ቀነሰ፤ ሴክተር ሪቪውም እንዲቆይ ተደረገ። የካቲት ሳያልቅ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ፤ በአገራችን የመጀመሪያው ነበር።

እኔ በዚያ ዓመት እዚሁ፣ ያኔ ናዝሬት በምንላት ከተማ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። መምህሮቻችን ሥራ ማቆማቸውን የሰማነው ከዘበኛው ነው፤ በሩን ገርበብ አድርጎ «ትምህርት የለም፣ ሂዱ» አለን። ደስ አለን፤ የሒሳብ ፈተና ነበረብን። አንዲት ጎረቤታችን ግን ልጆቿ ቤት በመዋላቸው መምህራኑን ስትረግም ሰነበተች። ቡና ላይ አንዱ መምህር ባለቤቱን ላከባትና አስረዳቻት፤ ይህ ጥናት ከተፈጸመ የብዙ ድሃ ልጅ ትምህርት አራተኛ ክፍል ላይ ሊቆም ይችላል ብለው ሰግተው ነው አለቻት። የጎረቤታችን የመጨረሻ ልጅ ሦስተኛ ክፍል ነበር። ከዚያ በኋላ እርግማኑ ወደ ሌላ ሰው ዞረ።

አሁን ያን የካቲት ታሪክ እንዴት ፈረደው? የታክሲ ነጂዎቹ የጠየቁት ቤንዚን ነው። በመስከረም ንጉሡ ወረዱ፤ በኅዳር ስድሳ የሚሆኑ ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ፤ አድማ መምታትም በአዲሱ መንግሥት ተከለከለ። ከዚያ ቀይ ሽብር መጣ። ከነዚህ አንዱንም የጠየቀ ታክሲ ነጂ አልነበረም። ዛሬ ግን ስለ 1966 የሚያወራ ሰው፣ የካቲት ላይ ቆሞ ሳይሆን ከዚያ በኋላ በመጡት አሥራ ሰባት ዓመታት ላይ ቆሞ ነው የሚፈርደው። ልጁን በቀይ ሽብር ያጣ ቤት የካቲትን ያለቅስበታል፤ ጭሰኛ የነበረና መሬት ያገኘ ቤት ደግሞ ይመርቀዋል። ሁለቱም ቤቶች አዳማ ውስጥ አሉ፤ ምናልባትም በአንድ ግቢ።

ለዚህ ነው «ታሪክ ይፈርዳል» የሚለው ቃል የማይጥመኝ። እንዲህ የሚል ሰው ዛሬ መመለስ ያለበትን ጥያቄ ገና ላልተወለደ ዳኛ ያስተላልፋል። በዚያ ላይ ዳኛው የሚያየው ሌላ መዝገብ ነው። አንድ ድርጊት የሚመዘን ከሆነ በዛሬ ሚዛን፣ ዛሬ በሚታየው ነገር ይመዘን።

የሚታየው ነገር ምንድን ነው? እዚህ ላይ ነው የእርስዎ ዐረፍተ ነገር የሚመጣው፦ «ጥያቄያቸው ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።» ወንድሜ፣ ከዚህ የበለጠ ክስ በእነዚያ ልጆች ላይ ሊቀርብ አይችልም። ጥያቄያቸው እውነት ሊሆን ይችላል፤ የታሰረ ወንድም፣ የተወሰደ መሬት ሊኖር ይችላል። ግን አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ከአጠገባቸው ቆመው፣ ቲማቲምዎ እየፈሰሰ፣ አንድ ሰው ወደ ጋቢናዎ መስኮት ቀርቦ «ይህን ጠይቀን ነው፣ ይቅርታ» አላለዎትም። ቲማቲሙን ከፈሉ፤ ጥያቄውን ግን አልያዙም። ከዚያ መንገድ የተረፈዎት ቂም ብቻ ነው።

ከአላባማዋ የሞንትጎመሪ ከተማ ጋር ያስተያዩት፤ ሹፌር ስለሆኑ ይጥምዎታል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1955 በዚያች ከተማ ሮዛ ፓርክስ ለነጭ ወንበር አልለቅም ብላ ከታሰረች በኋላ፣ ጥቁሮች በከተማው አውቶቡስ አንሳፈርም አሉ። የጥቁር ታክሲ ነጂዎች ከእያንዳንዱ ተሳፋሪ አሥር ሳንቲም ብቻ ያስከፍሉ ጀመር፤ የአውቶቡሱ ዋጋ ያ ነበርና። ከተማው ነቃና ከአርባ አምስት ሳንቲም በታች የሚያስከፍል ታክሲ ይቀጣል አለ። እሺ አሉና ወደ ግል መኪና ዞሩ። ሦስት መቶ ያህል መኪና ተሰባስቦ፣ መነሻና መድረሻ ተመድቦለት፣ እንደ ደንበኛ ስምሪት ይሠራ ነበር። ቤተ ክርስቲያናትም መኪና ገዝተው ጨመሩ። የመኪኖቹ ኢንሹራንስ ሲሰረዝባቸው የለንደኑ ሎይድስ ድረስ ሄደው ዋስትና ገዙ። ኪንግ በፍርድ ቤት ተከሰሰ፤ ቤቱም በቦምብ ተመታ። 381 ቀን! ልብስ አጣቢዋ፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ በመኪና ያልደረሳት ሁሉ በእግሯ ሄደች።

እዚያም የተጎዳ ነበር። የአውቶቡሱ ኩባንያ ገቢው ተሟጠጠ፤ የመሀል ከተማ ነጋዴዎችም ገበያ ቀዘቀዘባቸው። ሆኖም አውቶቡሱ ለምን ባዶውን እንደሚሄድ ያላወቀ ሰው በከተማዋ አልነበረም። ድካሙ ደግሞ አስቀድሞ የወደቀው በተቃዋሚዎቹ በራሳቸው ጫማ ላይ ነው። የተመታውም ወንበሩን የከለከላቸው አውቶቡስ ነው እንጂ በአጠገቡ የሚያልፍ ሽንኩርት የጫነ መኪና አልነበረም።

ከዚህ ተነሥተው ማንንም የማያስቸግር ተቃውሞ ብቻ ይፈቀድ እንዳይሉ። እንዲያ ያለ ተቃውሞ የለም፤ ቢኖርም የሚሰማው የለም። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ምክር ቤት ፊት ለፊት «መሬት ላራሹ» ብለው ሲወጡ መንገድ አጣብበው፣ ጨዋውን ሰው አስደንግጠው ነው። ልክ በአሥር ዓመቱ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። ጥያቄያቸውን ግን ሁለት ቃል ውስጥ ስለከተቱት፣ ገበሬውም ሹፌሩም ተማሪው ምን እንደሚል ያውቅ ነበር።

ልጅዎ ያነሣችውን የናፍጣ ጉዳይም ልለፈው ብል አልቻልኩም። መኪና አቁሞ አልጭንም ማለት መብትዎ ነው፤ የራስን ሥራ ማቆም የሌላውን መንገድ ከመዝጋት ይለያል፤ በዚህ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ግን እኔ በዚያ ሰሞን አዳማ ገበያ ውስጥ ነበርኩ። ሽንኩርት መጥፋቱን አውቃለሁ፤ ሻጯ «ነጋዴው ደብቆት ነው» አለችኝ። የእናንተን ጥያቄ የነገረኝ ሰው የለም።

ስለ ለንደኑ ሾርባ አጭር ልሁን። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2022 ሁለቱ ወጣቶች ሾርባውን የደፉበት የቫን ጎግ የሱፍ አበባ ሥዕል መስታወት ነበረው። ሥዕሉ አልተነካም፤ የተጎዳው ክፈፉ ነው። እጃቸውን ግድግዳው ላይ በሙጫ አጣብቀው እስኪያዙ ጠበቁ፤ በ2024ም አንዷ ሁለት ዓመት፣ ሌላዋ ሃያ ወር ተፈረደባቸው። ለዚህ ብዙ አልቆጣም፤ አልሸሹም፣ የቀባሪም መስኮት አልሰበሩም። ነገር ግን ሾርባውን ዓለም ሁሉ ሲያስታውስ፣ ጥያቄው የእንግሊዝ መንግሥት አዲስ የነዳጅና የጋዝ ፈቃድ እንዳይሰጥ የሚል መሆኑን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። የምቆጣው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2019 በሌሎች የአየር ንብረት ተቃዋሚዎች ሥራ ነው። ማለዳ ሠራተኛ በሚበዛበት የምሥራቅ ለንደን ጣቢያ የባቡር ጣሪያ ላይ ወጥተው ባቡሩን አቆሙ፤ ተሳፋሪዎቹም ጎትተው አወረዷቸው። ባቡሩ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነበር። መኪናውን ቤቱ ትቶ በሕዝብ ትራንስፖርት ሥራ የሚሄድን ሰው የሚቀጣ የአየር ንብረት ተሟጋች ምን ማለት ነው? ራሳቸው ባልደረቦቻቸውም በኋላ አልደገፉትም።

ልጄ፣ የቀረው ያንቺ ጥያቄ ነው። ሲልቪያን ጥቀሻት፤ ግን የቀባሪውን መስኮት አትደብቂው። አንቺ ካልተናገርሽው ተቃራኒሽ ይናገረዋል፤ አንቺ ከተናገርሽው ደግሞ የሚያምንሽ ይበዛል። ዋለልኝ መኮንን ይከብዳል። ከጠቀስሽው ሁለቱንም ጥቀሺ፦ በኅዳር 1962 ዓ.ም. ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈውን ጽሑፍ፣ ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. ደግሞ ከማርታ መብራህቱና ከሌሎች ጓደኞቹ ጋር የኢትዮጵያ አየር መንገድን አውሮፕላን ሊጠልፍ ሲሞክር መሞቱን። ጽሑፉን የሚወድም የሚጠላም ሰው ዛሬ ድረስ ይከራከርበታል። አውሮፕላኑ ውስጥ ግን ስለዚያ ክርክር ምንም የማያውቁ ተሳፋሪዎች ነበሩ፤ የተጎዱም አሉ። «ተገቢ ነው» ለሚል ወገን ያንን ቀን ማስረዳት ቀላል አይሆንልሽም። እኔ ብሆን በእርሱ ፈንታ «መሬት ላራሹ»ን እወስድ ነበር።

እርሱንም ስትወስጂ አንድ ነገር ጨምሪበት፤ ብዙ ሰው አያነሣውም። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. እነዚያው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በግቢያቸው የተዘጋጀን የፋሽን ትርኢት «የባዕድ ባህል ነው» ብለው ተቃወሙ። ተቃውሞው እንግዶች ላይ እንቁላል ወደ መወርወርና ሰው ወደ ማንገላታት ዞረ፤ ከተንገላቱት ውስጥ ልብሳቸው አጠረ የተባሉ ሴቶች ነበሩ። ያው ትውልድ፣ ያው ቁጣ፣ ያው ድፍረት ነው። በሦስት ዓመት ልዩነት አንዱ ቀን የጭሰኛውን ጌታ ተጋፈጠ፤ ሌላው ቀን አዳራሽ የመጣችን ሴት። ስለ ሁለተኛው ቀን የሚዘፍን አልሰማሁም። የክርክሩ ዳኞች ይህን ካንቺ አፍ ቢሰሙ፣ ያነበብሽ ልጅ መሆንሽን ያውቃሉ።

ዩኒቨርሲቲ ከገባሽና አዲስ አበባ ከደረሰሽ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ጎራ በይ። የዚያን ዘመን የተማሪ ጽሑፎች እዚያ ታገኛለሽ። ተቋሙን ከመሠረቱት አንዱና የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነው፤ የሲልቪያ ልጅ።